አራት ወታደር በሦስት ላይ

ሩይ ሎፔዝ ዴ ሴጉራ የዛፍራ ቄስ ነበር። ዛፍራ በደቡብ ምዕራብ ስፔን ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1560 ገደማ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወደ ሮም ተጉዞ ሳለ የፖርቱጋላዊው የዳሚያኖ የቼዝ መጽሐፍ እጁ ገባ። በ1512 የታተመ መጽሐፍ ነበር። ዳሚያኖ የሚመክረው ይህን ነው፦ ነጩ በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፤ ጥቁሩም እንዲሁ ይመልሳል። ነጩ ፈረሱን አውጥቶ የጥቁሩን ወታደር ሲያጠቃ፣ ጥቁሩ በንግሥቲቱ በኩል ያለውን ፈረስ ወደ ሲ6 አውጥቶ ይከላከል። ሎፔዝ በዚህ አልተስማማም። ነጩ ጳጳሱን እስከ ቢ5 ድረስ ልኮ ያንኑ ተከላካይ ፈረስ ቢያስጨንቀው ጥቁሩ ይቸገራል አለ። አገሩ ተመልሶም በ1561 በአልካላ ባሳተመው መጽሐፉ ክርክሩን አሰፈረ። እርምጃው ከእሱ በፊት በነበረ የብራና ጽሑፍ ውስጥም ይገኛል፤ ስሙ ግን ለቄሱ ቀረ። ዛሬም መላው ዓለም ሩይ ሎፔዝ ይለዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጳጳሱ በዚያ ዘመን ገና አዲስ ጉልበት ያገኘ ጠጠር ነበር። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፊት በአውሮፓም ቢሆን በቦታው ላይ የሚቆመው ዝሆን ነበር፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ከመዝለል ያለፈ አቅም አልነበረውም። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ይህን የጥንት ሥርዓት ጠብቆ ያቆየ ነው፤ ፊል የምንለው ጠጠር አካሄዱ ያው የዝሆኑ ነው። ስፔናውያን ጠጠሩ ረጅም ክንድ ካገኘ በኋላም አልፊል ማለታቸውን አልተዉም፤ የእኛም የእነሱም ቃል ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። በሰንጠረዥ ደግሞ ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደየፍጥነታቸው ያሰልፋሉ። በእንዲህ ያለ ጨዋታ አራተኛው እርምጃ ላይ ይህን አድርግ ብሎ የሚያዝ መጽሐፍ ሊጻፍ አይችልም። ተራ በተራ መሄድና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው አዲሱ ጳጳስ አንድ ላይ ሲመጡ ግን የአከፋፈት ጥናት የሚባለው ነገር ተወለደ።

ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ሲመላለስ የኖረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ጳጳሱ ፈረሱን ይብላው ወይስ አይብላው? ጥያቄውን ያፋፋመው የአሜሪካዊው የፖል ሞርፊ ዘመን ነው። የኒው ኦርሊንሱ ወጣት በ1858 ፓሪስ ላይ ጀርመናዊውን አንደርሰንን ሲገጥም፣ ቢ5 ላይ ለቆመው ጳጳስ የሰጠው መልስ የጠርዙን ወታደር ወደ ኤ6 አንድ ቤት መግፋት ነበር። ወይ ብላ፣ ወይ ሽሽ ማለቱ ነው። መልሱ እስከ ዛሬ በሞርፊ ስም ይጠራል። አብዛኛው ተጫዋች ጳጳሱን ያሸሻል። ጥቂቶች ግን እዚያው፣ በአራተኛው እርምጃ፣ ፈረሱን ይበሉታል። የልውውጥ መንገድ የሚባለው ይህ ነው፤ የዚህ ትረካ ባለታሪክም እሱ ነው።

ጀማሪ ሲያየው ነጩ ወታደር ያተረፈ ይመስለዋል። ጥቁሩ ፈረሱን የበላውን ጳጳስ በዲ ወታደሩ ሲበላ፣ ኢ5 ላይ ያለው ወታደሩ ጠባቂ አጥቶ ይቀራልና። ነገር ግን ነጩ ያንን ወታደር በፈረሱ ቢበላ፣ የጥቁሩ ንግሥት ዲ4 ላይ ዘልቃ ፈረሱንና የኢ4ን ወታደር በአንድ ጊዜ ትይዛለች። ፈረሱ ሲሸሽ ወታደሩን ትበላለች፤ የተወሰደው ሁሉ ይመለሳል። ታዲያ ነጩ ጳጳሱን የሰጠው ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ነው። ነጩ በአምስተኛው እርምጃ ወታደሩን ወደ ዲ4 ይገፋል፤ መሐሉ ይበላላል፤ ንግሥቶቹም ተያይዘው ይወጣሉ። አሁን ፈረሱንም ጳጳሱንም ግንቡንም ሁሉ ከሰሌዳው አንሡና ንጉሦቹንና ወታደሮቹን ብቻ አስቀሩ። በንጉሡ ወገን ነጩ አራት ወታደር አለው፤ ጥቁሩ ሦስት። በሌላው ወገን ጥቁሩ አራት አለው፤ ነጩ ሦስት። በቁጥር እኩል ናቸው። ነገር ግን ከጥቁሩ አራት ወታደሮች ሁለቱ በሲ መስመር አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደራርበዋል። ነጩ ካልተሳሳተ እነዚያ አራቱ ሦስቱን ገፍተው ነጻ መንገድ ያለው ወታደር ሊያወጡ አይችሉም። የነጩ አራቱ ግን ያወጣሉ፤ የወጣውም ወታደር ሄዶ ንግሥት ይሆናል። ጨዋታው እዚህ ደረጃ ከደረሰ ነጩ አሸናፊ ነው።

ዋጋው ደግሞ ሁለቱ ጳጳሶች ናቸው። አንዱ በነጭ ቤት፣ ሌላው በጥቁር ቤት የሚሄዱ ሁለት ጳጳሶች አብረው ሲሠሩ ሰሌዳውን እንደ መቀስ ይይዙታል። ነጩ አንዱን ስለሰጠ ይህ ሀብት ለጥቁሩ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ክርክሩ በጊዜ ላይ ነው። ጥቁሩ ጠጠሮች ገና ብዙ ሳሉ ጳጳሶቹን ሥራ ላይ ማዋል አለበት። ነጩ ደግሞ ጠጠር በጠጠር እየለወጠ ወደዚያ የወታደሮች ሒሳብ መድረስ አለበት። ከዚህ በኋላ የተካሄዱት ታላላቅ ግጥሚያዎች ሁሉ የሚሽከረከሩት በዚህች አንድ ነገር ዙሪያ ነው።

አማኑኤል ላስከር በዚህ ሒሳብ ከሁሉ ይልቅ ያመነ ሰው ነበር። በ1868 በርሊንሸን በምትባል፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኝ ከተማ ተወለደ። በ1894 ሽታይኒትዝን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ዘውዱንም ለ27 ዓመታት ይዞ ቆየ። ከቼዝ ውጭም ስም ነበረው፤ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ በ1905 ያሳተመው የአልጀብራ ሥራ ዛሬም በስሙ ከሚጠራ ቲዎረም ጋር ይነሣል። በአንጻሩ የቆመው ዶክተር ዚግበርት ታራሽ ነው። የኑረምበርግ ሐኪም የነበረው ታራሽ ለአንድ ትውልድ ጀርመናውያን የቼዝ መምህር ነበር፤ ሕግ አውጪ ነበር ማለትም ይቻላል። ጠጠሮች ሰፊ ቦታ ይኑራቸው፣ ሁለቱ ጳጳሶች ይጠበቁ፣ የተጨናነቀ ሰፈር ራሱ የሽንፈት ዘር ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሁለቱ ለዓመታት ተፈላልገው በነሐሴ 1908 ዱሰልዶርፍ ላይ ተገናኙ።

ላስከር በመጀመሪያው ጨዋታ ነጩን ይዞ ምን መረጠ? ጳጳስን ለሚያከብረው ሰው ሁለት ጳጳስ ሰጠው። ንግሥቶች በሰባተኛው እርምጃ ከሰሌዳ ወጡ። ሕዝቡ ሊያየው የመጣው ጦርነት ገና ሳይጀመር ወደ መደምደሚያው የተሻገረ መሰለ። ታራሽ ሁለት ጳጳስ ይዞ ምንም ሥጋት ያለበት አይመስልም ነበር፤ ግን በ12ኛው እርምጃ ላይ ከሁለቱ አንዱ በልውውጥ ሄደ። ከዚያ በኋላ የቀረው ያው የአራትና የሦስት ጉዳይ ነው። ላስከር ሳይቸኩል ወታደሮቹን አራመደ፤ ከ50 እርምጃ በላይ ፈጅቶ አሸነፈ። ግጥሚያውንም 8 አሸንፎ፣ 3 ተሸንፎ፣ 5 አቻ ወጥቶ ጨረሰ። ታራሽ በዕውቀት አልተሸነፈም። የሁለቱ ጳጳሶች ዋጋ በጊዜ የተወሰነ መሆኑን ግን በዚያች ሰሌዳ ላይ አላየም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ስድስት ዓመት አለፈ። በ1914 የጸደይ ወራት በሴንት ፒተርስበርግ የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች ተሰበሰቡ። በመጀመሪያው ዙር 11 ሰዎች ተጫወቱ፤ ከላይ ያሉት አምስቱ ነጥባቸውን ይዘው ወደ መጨረሻው ዙር አለፉ፤ እርስ በርሳቸውም ሁለት ሁለት ጊዜ ሊገጥሙ ነው። አምስቱ ላስከር፣ ካፓብላንካ፣ አሌክሂን፣ ታራሽና ማርሻል ናቸው። የሃቫናው ተወላጅ ሆሴ ራውል ካፓብላንካ የ25 ዓመት ወጣት ነው። ከ10 ጨዋታ 8 ነጥብ ሰብስቦ ይመራል፤ የ45 ዓመቱ ላስከር 6.5 ብቻ ይዟል። ካፓብላንካ የሚሳሳት ሰው አልነበረም። ጠጠሮቹ ያለ ድካም ወደሚገባቸው ቤት የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። በመደምደሚያ ጨዋታ ደግሞ ገና በዚያ ዕድሜው ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ግንቦት 18 ቀን ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ካፓብላንካ አሁንም እየመራ ነው። አቻ ቢወጣ ይበቃዋል። ላስከር ግን ማሸነፍ አለበት፤ ነጩም በእጁ ነው። ማሸነፍ የግድ የሆነበት ሰው ምን ይመርጣል? ማንም ቢሆን ጥቃት የበዛበት፣ ውስብስብ መንገድ ይመርጣል። ላስከር የልውውጡን መንገድ መረጠ፤ በሰባተኛው እርምጃ ንግሥቶች ወጡ። አቻ እንዲወጡ የሚፈልግ ሰው ጨዋታ ይመስላል።

ላስከር ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሰፈር ጥቁሩ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ሁለቱ ጳጳሶች የሚከፍሉት በእንቅስቃሴ ነው፤ እንቅስቃሴ ከሌለ የአራትና የሦስቱ ሒሳብ ቀስ ብሎ ይገፋል። በዚያ ቀን በጸጥታ መጫወት የፈለገው ካፓብላንካ፣ በጸጥታ መጫወት በማይፈቀድበት ሰፈር ውስጥ ገባ።

12ኛው እርምጃ ላይ ላስከር የኤፍ ወታደሩን ከኤፍ4 ወደ ኤፍ5 ገፋው። ይህን ጨዋታ ደጋግሜ በሰሌዳ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ እዚህ ስደርስ ዛሬም እጄ ይዘገያል። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁሉ ይህ ስሕተት ነው ይላል። አራቱ ወታደሮች ጥቅማቸው መንቀሳቀሳቸው ነው፤ የሚመራቸውም ከፊቱ ተቃዋሚ የሌለው የኢ ወታደር ነው። የኤፍ ወታደር ቀድሞት ሲሄድ የኢ ወታደር ኋላ ቀረ፤ ከፊቱ ያለው ኢ5 የጥቁሩ ጠጠሮች ማረፊያ ሆነ። ላስከር ስድስት ዓመት ሲመካበት የኖረውን ብልጫ በገዛ እጁ አሰረው።

ምትክ ያገኘው አንድ ቤት ነው፤ ኢ6። ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ኤፍ6 ገፍቶ ስለነበር ያችን ቤት የሚጠብቅ ወታደር የለውም። ላስከር ጳጳሱን ወደ ኤፍ4 አውጥቶ የጥቁሩን ጥቁር ቤት ጳጳስ በ14ኛው እርምጃ በልውውጥ አወጣው። በዚህ ልውውጥ የጥቁሩ የተደራረቡ ወታደሮች ተቃኑ። እንግዲህ ነጩ ጳጳሱን የሰጠበት ምክንያት ራሱ ጠፋ። ነገር ግን ከሁለቱ ጳጳሶች አንዱ ሄዷል፤ የቀረውም ቢ7 ላይ የራሱ ወታደሮች ከፊቱ ተገትረውበት ይታያል። በ16ኛው እርምጃ የላስከር ፈረስ ኢ6 ላይ ገባ። እንደ ችንካር ተመታ። ከዚያ ወዲያ በ20 እርምጃ ውስጥ ማንም ሊነቅለው አልቻለም።

ካፓብላንካ መውጫ ነበረው። 17ኛው እርምጃ ላይ የሲ ወታደሩን ገፍቶ ለጳጳሱ መንገድ መክፈት ይችል ነበር። እሱ ግን ፈረሱን ወደ ሲ8 መለሰ። ግንቦቹ ከመስመር ወደ መስመር ይመላለሱ ጀመር፤ አንዱ ግንብ ወደ ኤ7 ሄዶ ተመልሶ ኢ7 ላይ ቆመ። የሰው ልጅ ቤቱ ውስጥ ሆኖ አየር ሲያጥረው እንዲህ ይሆናል። ላስከር አልቸኮለም። ንጉሡን አወጣ፤ የጂና የኤች ወታደሮቹን አራመደ። የኤች መስመር ሲከፈት ሁለቱን ግንቦቹን እዚያው አሰለፈ።

በ35ኛው እርምጃ ያ ኋላ የቀረው የኢ ወታደር ተነሣ። ላስከር ወደ ኢ5 ገፍቶ አስበላው። ወታደሩ የሞተው ኢ4 ባዶ እንዲሆን ነው። በሚቀጥለው እርምጃ ሁለተኛው ፈረስ፣ እስከዚያ ጊዜ ሥራ የሌለው ይመስል የነበረው፣ ኢ4 ላይ ደረሰ። ሁለቱ ፈረሶች ተረዳድተው የጥቁሩን ግንብ በሉ፤ የነጩ ግንቦች በኤችና በኤ መስመር እስከ ሰባተኛውና እስከ መጨረሻው ረድፍ ዘለቁ። 42ኛው እርምጃ ላይ ካፓብላንካ እጁን ሰጠ። በቀጣዩ ጨዋታውም ልቡ የተሰበረ ይመስላል፤ በታራሽ ተሸነፈ። ውድድሩ ሲያበቃ ላስከር 13.5፣ ካፓብላንካ 13 ነበራቸው። ግማሽ ነጥብ ለየቻቸው። ሁለት ወር ሳይሞላም ሳራዬቮ ላይ ጥይት ተተኮሰና አውሮፓ ተቃጠለች።

የካፓብላንካ ቀን በ1921 መጣ። በገዛ ከተማው በሃቫና ላስከርን 4 ጨዋታ አሸንፎ፣ 10 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዘውዱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ የልውውጡ መንገድ ተረሳ ባይባልም ደበዘዘ። ጥቁሮች ትምህርቱን ወሰዱ፤ ጳጳሶቻቸውን በጊዜ ማንቀሳቀስ ተማሩ፤ ንግሥቶች ቶሎ የሚወጡበት የላስከር አካሄድም አቻ የሚያመጣ የሰነፍ መንገድ ተብሎ ተቆጠረ። ላስከር ራሱ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1933 ከጀርመን ወጣ፤ ንብረቱን ናዚዎች ወረሱት። በ66 ዓመቱ በ1935 ሞስኮ ላይ ተጫውቶ ሦስተኛ ወጣ፤ እዚያም ካፓብላንካን ዳግመኛ አሸነፈው። የመጨረሻ ዘመኑን በኒው ዮርክ አሳለፈ፤ በጥር 1941 ሞተ። ካፓብላንካም በመጋቢት 1942 በዚያችው ከተማ አረፈ። አስከሬኑ ወደ ሃቫና ተወስዶ ተቀበረ፤ በመቃብሩ ላይ ከድንጋይ የተቀረጸ የቼዝ ንጉሥ ቆሟል።

ለመንገዱ አዲስ ነፍስ የዘራበት ኔዘርላንዳዊው ዮሃን ባረንድረኽት ነው። በአምስተርዳም የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበር፤ ቼዝ ትርፍ ሥራው ነው። ያመጣው ለውጥ ሲያዩት ቀላል ነው፦ አምስተኛው እርምጃ ላይ መሐሉን ከመክፈት ይልቅ ንጉሡን ካስል ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡንና ግንቡን በአንድ እርምጃ ማሻገር። ሌሎችም ከእሱ በፊት ሞክረውታል፤ ሥርዓት አስይዞ የተጫወተው ግን እሱ ነው። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ያ ጥቁሩን የሚያድነው የንግሥቲቱ ዘለላ አሁን አይሠራም። ነጩ የኢ5ን ወታደር ቢበላና የጥቁሩ ንግሥት ዞራ የኢ4ን ብትበላ፣ ግንቡ ወደ ኢ1 ይመጣል፤ ንግሥቲቱም ከኋላዋ ንጉሧ ስላለ ከመስመሩ መውጣት አትችልም። ስለዚህ ጥቁሩ ወታደሩን አሁን በእውነት መጠበቅ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው በኤፍ6 ነው፤ ያ ደግሞ ጠጠሮቹን ያዘገይበታል። ነጩም ሳይቸኩል፣ የሚመቸውን ሰዓት መርጦ መሐሉን ይከፍታል።

ይህን ያየ አንድ ወጣት በብሩክሊን ነበር። ቦቢ ፊሸር በ1965 በሃቫናው የካፓብላንካ መታሰቢያ ውድድር እንዲሳተፍ ቢጋበዝም የአሜሪካ መንግሥት ወደ ኩባ እንዳይሄድ ከለከለው። ኒው ዮርክ በሚገኘው በማርሻል ቼዝ ክለብ ተቀምጦ እርምጃዎቹን በቴሌክስ እየላከ ተጫወተ። በማግሥቱ ዓመት ግን ሃቫና የቼዝ ኦሎምፒያድ አዘጋጀች፤ በዚህ ጊዜ የአሜሪካ ቡድን ሄደ፤ ፊሸር በአንደኛው ሰሌዳ ላይ ተቀመጠ። በዚህም ካፓብላንካን ያዋረደችው የልውውጥ መንገድ ከ52 ዓመት በኋላ ወደ ካፓብላንካ ከተማ ገባች።

ከሃንጋሪው ላዮሽ ፖርቲሽ ጋር ሲጫወት ንግሥቶች በዘጠነኛው እርምጃ ወጡ። ፊሸር ፈረሱን ወደ ኤ5፣ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ላከው። ፈረስ በጠርዝ ላይ ደካማ ነው የሚለውን ሁላችንም ተምረናል። ያ ፈረስ ግን ጥቁሩን ወታደሮቹን እንዲገፋ አስገደደው፤ የገፋቸውም ወታደሮች ያለ ጠባቂ ቀሩ። በ34 እርምጃ አለቀ። ከዩጎዝላቪያው ስቬቶዛር ግሊጎሪች ጋር የተጫወተው ደግሞ ይህ መንገድ የመደምደሚያ ብቻ ነው የሚሉትን ዝም የሚያሰኝ ነበር። ንግሥቶች ሰሌዳ ላይ እያሉ፣ ጥቁሩ ንጉሡን በተደራረቡት ወታደሮች ወገን ካስል አደረገ። ፊሸር ፈረሱን በሲ5 አሳልፎ ኤ6 ላይ ሠዋው፤ በ25 እርምጃ አሸነፈ። የኩባውን ሂሜኔስንም በዚሁ አከፋፈት ረታ። ከ17 ጨዋታ 15 ነጥብ ይዞ ከሃቫና ወጣ።

ለእኔ የፊሸር አስተዋጽኦ ከላስከር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ላስከር ብልጫው እስከ መጨረሻው እንደሚጠብቀው ያምን ነበር፤ ፊሸር ግን ጥቁሩ ያንን መጨረሻ እየፈራ መሐል ላይ የሚሠራውን ስሕተት ያድን ነበር። ሬይክያቪክ ላይ በ1972 በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ፣ በ16ኛው ጨዋታ ሻምፒዮኑን ስፓስኪን በዚሁ ሞክሮ አቻ ወጡ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ስቬቲ ስቴፋን ላይ ሁለቱ ዳግመኛ ሲገናኙ፣ ዘጠነኛውን ጨዋታ በልውውጥ መንገድ ጀምሮ በ21 እርምጃ ጨረሰው።

ከዚያ ጥቁሮች ተራቸውን ያዙ። በ2000 የመከር ወራት ለንደን ላይ ጋሪ ካስፓሮቭና ቭላዲሚር ክራምኒክ ተገጣጠሙ። ካስፓሮቭ ከ1985 ጀምሮ የማይደፈር ሻምፒዮን ነው። ክራምኒክ 25 ዓመቱ ነው፤ ካፓብላንካ በሴንት ፒተርስበርግ የነበረበት ዕድሜ። ካስፓሮቭ ሩይ ሎፔዝን ሲከፍት ክራምኒክ የመለሰለት በርሊን በሚባል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጠንቶ ብዙዎች በተዉት መከላከያ ነበር። የጠርዙን ወታደር በመግፋት ፈንታ ፈረሱን ያወጣል፤ የነጩን ወታደር በልቶ ይመልሳል። ነጩ ጳጳሱን ሰጥቶ ፈረስ ይበላል፤ ንግሥቶች በስምንተኛው እርምጃ ይወጣሉ፤ የጥቁሩም ንጉሥ ንግሥቲቱን በልቶ ዲ8 ላይ፣ መሐል ሜዳ፣ ካስል ማድረግ ሳይችል ይቀራል።

ሰሌዳውን ለሚያውቅ ሰው ያው የላስከር ሒሳብ ነው። በአንድ ወገን አራት በሦስት፤ በሌላው ወገን የተደራረቡት የሲ ወታደሮች። እንዲያውም የጥቁሩ ንጉሥ መጠለያ የለውም። ታዲያ ካስፓሮቭ ለምን ማሸነፍ አቃተው? ልዩነቱ አንድ ወታደር ነው። በላስከር ጨዋታ የነጩ መሪ ወታደር ኢ4 ላይ ቆሞ ሁለት ወገን ይጠብቃል። በበርሊን ግን ቀድሞ ኢ5 ደርሷል። የሮጠ ወታደር ከኋላው የተወውን ቤት መጠበቅ አይችልም፤ ኤፍ5ና ኢ6 ለጥቁሩ ጠጠሮች መቆሚያ ሆኑ። እነዚያን ነጭ ቤቶች ሊጠብቅለት ይችል የነበረው ጳጳስ ደግሞ በስድስተኛው እርምጃ ተሰጥቷል። ንግሥቶች ስለወጡም መሐል ላይ ያለው ንጉሥ አደጋ ላይ አልነበረም፤ በመደምደሚያው ለሥራው ቅርብ ሆኖ ተገኘ። ክራምኒክ አራቱ ወታደሮች እንዳይራመዱ አግዶ፣ ጳጳሶቹን ጠብቆ ቆመ። ካስፓሮቭ ይህን ሰፈር በአራት ጨዋታዎች ገጠመው፤ አራቱም አቻ ወጡ። የበርሊን ግንብ የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ ጸና። በጠቅላላው ካስፓሮቭ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ 8.5 ለ6.5 ተሸንፎ ዘውዱን አጣ።

ላስከር ካፓብላንካን የያዘበትን ገመድ ክራምኒክ ከሌላው ጫፍ ያዘው ማለት ነው። በ1914 አቻ የፈለገው ጥቁር ዝም ብሎ በመቀመጡ ተሸነፈ፤ በ2000 አቻ የፈለገው ጥቁር ዝም ብሎ በመቀመጡ ሻምፒዮን ሆነ። የወታደሮቹ ቁጥር አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ ወታደር የቆመበት ቤት ነው።

ግንቡም ቢሆን ሁልጊዜ አልቆመም። በኅዳር 2014 ሶቺ ላይ ማግኑስ ካርልሰን ዘውዱን ከቪስዋናታን አናንድ ሲከላከል በ11ኛው ጨዋታ ነጩን ይዞ በዚያው የበርሊን መደምደሚያ ውስጥ ገባ። አናንድ አልተቀመጠም። ለመቶ ዓመት እንደ ሽባ ይቆጠር የነበረውን የንግሥቲቱን ወገን በ23ኛው እርምጃ በቢ5 አንቀሳቀሰው፤ ብዙዎች ያደነቁት እርምጃ ነበር። ከአራት እርምጃ በኋላ ግን ግንቡን ቢ4 ላይ ለጳጳስ አሳልፎ ሰጠ። አስፈላጊ አልነበረም። ካርልሰን መሥዋዕቱን ተቀብሎ፣ የመጣበትን ተጭኖ፣ በ45ኛው እርምጃ አሸነፈ፤ ግጥሚያውም በ6.5 ለ4.5 ተዘጋ።

ቼዝ የምትጫወቱ አንባቢዎች፣ ዛሬ ማታ ሰሌዳችሁን ዘርጉና የግንቦት 18 ቀን 1914ን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ 42ኛው እርምጃ አውጡት። 12ኛው ላይ ስትደርሱ ቆሙ። በላስከር ቦታ ብትሆኑ ኖሮ እናንተ ምን ታደርጉ እንደነበር በወረቀት ጽፋችሁ ከዚያ ቀጥሉ።